ምዕራፍ 6፦ ከጤና ኬላ እስከ ሠንጠረዥ

አንድ የድረ ገጽ መተግበሪያ ከላይ ሲታይ ቅጽና አዝራር ይምሰል እንጂ፣ ውስጡ ሲገባ አብዛኛው ሥራው መጠየቅና መልስ መጠበቅ ነው፤ የሚጠየቀውም ዳታቤዙ ነው። የዳታቤዝ ሞተር የሚባለው መረጃውን በዲስክ ላይ የሚያሰፍረው፣ ሁለት ሰዎች በአንድ ጊዜ አንድ ረድፍ ሊያርሙ ሲሞክሩ ተራ የሚያስይዘው፣ መብራት ድንገት ሲጠፋ የተጻፈው እንዳይበላሽ የሚጠብቀው፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ለቀረበለት ጥያቄ መልሱን በየትኛው መንገድ ሄዶ እንደሚያመጣ የሚመርጠው ፕሮግራም ነው። ስለ ሞተር ምርጫ በባለሙያዎች መካከል የሚነሳው ክርክር አብዛኛውን ጊዜ «የትኛው ይፈጥናል?» በሚል ይጀመራል፤ ነገር ግን የሚጠየቀው ምን እንደሆነ፣ ማን እንደሚጠይቀውና በቀን ስንት ጊዜ እንደሚጠየቅ ሳይታወቅ ስለ ፍጥነት መከራከር ጭነቱ ሳይታወቅ መኪና እንደመግዛት ነው። ይህ ምዕራፍ ጉዳዩን በአንድ እውነተኛ ሥርዓት፣ በኢትዮጵያ የጤና መረጃ አያያዝ በኩል ይመለከታል፤ መነሻውም የሐረሪ ክልል ድሬ ጠያራ ወረዳ ነው።

ድሬ ጠያራ ከሶፊና ከኤረር ጋር ከክልሉ የገጠር ወረዳዎች አንዱ ሲሆን፣ የቀሩት ስድስቱ፣ ማለትም አሚር ኑር፣ አባድር፣ ሸንኮር፣ ጅንኤላ፣ አቦከርና ሐኪም፣ በሐረር ከተማ ዙሪያ የተሰባሰቡ ናቸው። በ1995 ዓ.ም. በተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም መሠረት በገጠር ቀበሌ ጤና ኬላ የተመደቡት ሠራተኞች የእርግዝና ክትትልን፣ ክትባትን፣ የቤተሰብ ዕቅድንና ሌላውንም አገልግሎት ይመዘግባሉ፤ ወሩም የሚዘጋው በ30 ሳይሆን በ20 ነው፤ ከቀደመው ወር 21 እስከ ተከታዩ ወር 20 ያለው ተደምሮ ከጤና ኬላ ወደ ጤና ጣቢያ፣ ከዚያ ወደ ወረዳ፣ ከወረዳ ወደ ክልል ጤና ቢሮ፣ በመጨረሻም ወደ ጤና ሚኒስቴር ይደርሳል። በትልልቆቹ ክልሎች በወረዳና በክልል መካከል ዞን አለ፤ በሐረሪ ግን የለም። ይህች ትንሽ ልዩነት ሠንጠረዥ ለሚነድፍ ሰው ምን ያህል ራስ ምታት እንደምትሆን በኋላ ይታያል።

ይህ ሁሉ ቁጥር ዛሬ የሚገባበት ሥርዓት ዲኤችአይኤስ 2 ይባላል። መነሻው በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ከአፓርታይድ ማክተም በኋላ በደቡብ አፍሪካ የተጀመረ ሥራ ሲሆን፣ የመጀመሪያው ትውልድ በማይክሮሶፍት አክሰስ ላይ የተሠራና በአንድ ኮምፒውተር ላይ የሚቀመጥ ነበር፤ በኋላ በኦስሎ ዩኒቨርሲቲ መሪነት በጃቫ ቋንቋ እንደገና ተጽፎ የድረ ገጽ መተግበሪያ ሆነ። ዛሬ ከ70 በላይ አገሮች ይጠቀሙበታል፤ ኢትዮጵያም ከዚያ በፊት የነበሯትን የኤሌክትሮኒክ የጤና መረጃ ሥርዓቶች ትታ እ.ኤ.አ. በ2018 ገደማ በአገር አቀፍ ደረጃ ሥራ ላይ አውላዋለች።

ከድሬ ጠያራ የሚላክ ቁጥር ብቻውን ትርጉም የለውም። 14 ሲባል ምን እንደተቆጠረ፣ የት፣ መቼና በየትኛው ክፍልፋይ፣ ለምሳሌ በየትኛው የዕድሜ ክልል፣ እንደተቆጠረ ካልታወቀ ባዶ ነው። የዲኤችአይኤስ 2 ነዳፊዎች ይህን እንዳለ ወስደው አንድ ጠባብና እጅግ ረጅም ሠንጠረዥ አበጁለት፤ እያንዳንዱ ረድፍ የሚቆጠረውን ነገር መለያ፣ የጊዜውን መለያ፣ የተቋሙን መለያ፣ የክፍልፋዩን መለያ፣ በመጨረሻም ቁጥሩን ይይዛል። ነገ አዲስ በሽታ ወደ ሪፖርቱ ቢጨመር ሠንጠረዡ አይነካም፤ አዲስ መለያ ይመዘገብና ረድፎች ይጨመራሉ። ለዚህ ልልነት የሚከፈለው ዋጋ ግን አለ፤ ቁጥሩ በሚቀመጥበት ዓምድ ቀንም፣ አዎ ወይም አይደለም የሚል መልስም ስለሚገባበት ሁሉም የሚቀመጠው በጽሑፍ መልክ ነው፤ ለመደመር በተፈለገ ጊዜ ሁሉ ከጽሑፍ ወደ ቁጥር መለወጥ ይኖርበታል።

መጠኑን ለማየት ቀላል ስሌት ይበቃል። አንድ ተቋም በወር 200 ቁጥር ይልካል ቢባል በዓመት 2,400 ረድፍ ይሆናል፤ 20,000 ተቋማት ቢሆኑ 48 ሚሊዮን። አንዱ ረድፍ ከነግሳንግሱ 80 ባይት ቢይዝ የዓመቱ ሠንጠረዥ ወደ 4 ጊጋባይት ይጠጋል። ፖስትግሬስ የሚባለው ሞተር ዲስኩን የሚያነበው ረድፍ በረድፍ ሳይሆን 8 ኪሎባይት በሆኑ ገጾች ስለሆነ፣ ይህ 470 ሺህ የሚጠጋ ገጽ ነው። ከአንድ የድሬ ጠያራ ጤና ኬላ የመጣን አንድ ቁጥር ለማግኘት ሞተሩ ከመጀመሪያው ገጽ ተነስቶ እስከ መጨረሻው ቢያነብ መልሱ ይመጣል፤ ብቻ ጠያቂው ሻይ ጠጥቶ ይመለሳል።

ኢንዴክስ የተፈጠረው ለዚህ ነው። በመጽሐፍ ጀርባ እንደሚገኘው የቃላት ማውጫ፣ የተደረደሩ ቁልፎችን ረድፉ ካለበት ገጽ አድራሻ ጋር የያዘ ሌላ መዝገብ ነው። አብዛኞቹ ሞተሮች የሚጠቀሙበት ቅርጽ ቢ-ዛፍ ሲሆን፣ ሩዶልፍ ባየርና ኤድዋርድ ማክሬይት በ1970ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) በቦይንግ ኩባንያ ሲሠሩ ያወጡት ነው። በአንዱ የዛፉ ገጽ 300 ቁልፍ ቢሰፍር፣ በሁለት እርከን 90,000፣ በሦስት 27 ሚሊዮን፣ በአራት ደግሞ ከ8 ቢሊዮን በላይ ቁልፍ ይያዛል፤ ስለዚህ ከ48 ሚሊዮኑ አንዱን ለማግኘት አራት የዛፍ ገጽና አንድ የሠንጠረዥ ገጽ ማንበብ ይበቃል። 470 ሺህ ገጽ ወደ አምስት ወረደ ማለት ነው። ከዚህ የሚበልጥ ትርፍ በሞተር ለውጥ የሚያገኝ ተቋም የለም።

ሆኖም ኢንዴክስ መኖሩ ብቻውን አይረዳም፤ ቅደም ተከተሉ ከጥያቄው ጋር መግጠም አለበት። ይህን ለመረዳት የሐረር ጀጎል ጥሩ ምሳሌ ነው። በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በአሚር ኑር ዘመን የታጠረውና እ.ኤ.አ. በ2006 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበው ግንብ አምስት ጥንታዊ በሮች አሉት፤ በአማርኛ ሸዋ በር፣ ቡዳ በር፣ ሰንጋ በር፣ ኤረር በርና ፈላና በር ይባላሉ፤ በግንቡ ውስጥ ያሉት አምስት ሰፈሮችም በሐረሪ ቋንቋ የሚጠሩት በየበራቸው ስም ነው። አንድ እንግዳ የሚሄድበት ቤት በየትኛው በር በኩል እንደሆነ፣ ቀጥሎም በየትኛው መስጊድ አጠገብ እንደሆነ ከተነገረው ጠባቦቹን መንገዶች ይዞ ይደርሳል። በሩ ሳይነገረው «ሦስተኛው ቤት፣ አረንጓዴ መዝጊያ ያለው» ብቻ ከተባለ ግን አምስቱንም ሰፈሮች መዞር ይኖርበታል። በብዙ ዓምዶች ላይ የተሠራ ኢንዴክስም እንደዚሁ ነው። በዲኤችአይኤስ 2 የዋናው ሠንጠረዥ ቁልፍ በመጀመሪያ በሚቆጠረው ነገር፣ ቀጥሎ በጊዜው፣ ከዚያ በተቋሙ ተብሎ ሲደረደር፣ «በጥቅምት አራተኛ የእርግዝና ክትትል ያደረጉ ስንት ናቸው?» ለሚል ጥያቄ በሩ ወዲያው ይከፈታል፤ «ይህ ጤና ኬላ እስካሁን የላከው በሙሉ ይውጣ» ለሚል ግን ቁልፉ ከመጀመሪያው ዓምድ ስለማይያዝ ሞተሩ ይባዝናል። አንዳንድ አዳዲስ የሞተር ስሪቶች የመጀመሪያውን ዓምድ እየዘለሉ መፈለግ ተምረዋል፤ ያም የሚያዋጣው በመጀመሪያው ዓምድ ያሉት ልዩ ልዩ ዋጋዎች ጥቂት ሲሆኑ ብቻ ነው። ለሁለተኛው ጥያቄ በተቋሙ የሚጀምር ሌላ ኢንዴክስ ማበጀት ይሻላል።

ሞተሩ የትኛውን መንገድ እንደመረጠ መገመት አያስፈልግም፤ ራሱ ይናገራል። በፖስትግሬስም ሆነ ማይኤስኪውኤል በሚባለው ሌላ ሞተር ከጥያቄው ፊት «ኤክስፕሌይን» የሚለው ትእዛዝ ሲጨመር ሞተሩ የመረጠውን የሥራ ዕቅድ ያሳያል፤ «አናላይዝ» ሲታከልበት ደግሞ ጥያቄውን እውነት አስኪዶ በየደረጃው የገመተውንና ያገኘውን ረድፍ ጎን ለጎን ያስቀምጣል። ልምድ ያለው ባለሙያ መጀመሪያ የሚያየው ጠቅላላውን ሰዓት ሳይሆን ይህን ልዩነት ነው። ሞተሩ 10 ረድፍ እጠብቃለሁ ብሎ 400 ሺህ ካገኘ የመረጠው መንገድ ለ10 ረድፍ የሚበጅ ነበር ማለት ነው፤ ስህተቱ የሚመጣውም ብዙውን ጊዜ ስለ ሠንጠረዡ የያዘው አኃዛዊ መረጃ አሮጌ ስለሆነ ነው። ሪፖርት በሚጎርፍበት ሰሞን ሚሊዮኖች ረድፍ ገብተው ሞተሩ ገና በባለፈው ወር ግምቱ ሲመራ እንዲህ ያለው ነገር ይከሰታል፤ መድኃኒቱም አኃዛዊ መረጃውን ማደስ እንጂ አዲስ ሰርቨር መግዛት አይደለም። በሌላ በኩል፣ ሠንጠረዡ በሙሉ መነበቡ ሁልጊዜ ጥፋት አይደለም፤ ጥያቄው የሠንጠረዡን ትልቅ ክፍል የሚነካ ከሆነ በኢንዴክስ እየዘለሉ ከመሄድ ከዳር እስከ ዳር ማንበብ ይቀላል፤ ሞተሩም ይህን አውቆ ኢንዴክሱን ሲተወው ጀማሪ ባለሙያ የተበላሸ ይመስለዋል።

ከአንድ ጤና ኬላ ወደ ወረዳ ድምር ሲወጣ ችግሩ መልኩን ይለውጣል። የድሬ ጠያራን ድምር ለማውጣት በወረዳው ሥር ያሉት ተቋማት የትኞቹ እንደሆኑ መታወቅ አለበት፤ እያንዳንዱ ተቋም የበላዩን ብቻ የሚያውቅ ከሆነ ሞተሩ ከወረዳ ወደ ጤና ጣቢያ፣ ከጤና ጣቢያ ወደ ጤና ኬላ ደረጃ በደረጃ መውረድ ይኖርበታል። ዲኤችአይኤስ 2 ይህን ለማሳጠር ለእያንዳንዱ ተቋም ከአገር ጀምሮ እስከ ራሱ ያሉትን የበላዮቹን መለያዎች እንደ ዘር ሐረግ ተራ በተራ ጽፎ ያስቀምጣል። ሐረጉ በምን እንደሚጀምር ሲጠየቅ በሚገባ የተሠራ ኢንዴክስ ይረዳል፤ በመካከሉ ምን እንዳለ ሲጠየቅ ግን ተራው ቢ-ዛፍ ዋጋ የለውም። የሐረሪ ነገር የሚነሳው እዚህ ላይ ነው፤ ወረዳ ማለት አራተኛው እርከን ነው ብሎ የተጻፈ ጥያቄ ዞን ባለበት ክልል ትክክል ሆኖ ዞን በሌለበት ወረዳውን ትቶ ከበታቹ ያሉትን ይዞ ይመጣል። ነዳፊው ወይ የይስሙላ ዞን መፍጠር አለበት፣ ወይም የእያንዳንዱን ተቋም ዓይነት ለብቻው መመዝገብ አለበት፤ ሁለተኛው የተሻለ ነው፣ ምክንያቱም የይስሙላው ዞን ቆይቶ በአንድ የአገር የሪፖርት ገበታ (ዳሽቦርድ) ላይ እንደ እውነተኛ ዞን ብቅ ማለቱ አይቀርም።

ይህም ሆኖ የክልል ኃላፊ ገበታውን በከፈተ ቁጥር ሚሊዮኖች ረድፍ ተጠርቶ፣ ጽሑፉ ወደ ቁጥር ተለውጦ፣ ሐረጉ ተበትኖ ቢደመር የትኛውም ሞተር አይችለውም። ስለዚህ ዲኤችአይኤስ 2 ሌላ የሠንጠረዥ ቤተሰብ ያዘጋጃል፤ በተለመደው አሠራር ሌሊት ሌሊት ዋናው ሠንጠረዥ ይነበብና፣ ክልሉ፣ ወረዳው፣ ወሩ፣ ሩብ ዓመቱና ዓመቱ እያንዳንዳቸው የራሳቸው ዓምድ ይዘው፣ ቁጥሩም ቁጥር ሆኖ፣ በየዓመቱ ተከፋፍሎ እንደገና ይጻፋል። አንድ መረጃ በሁለት ቦታ መቀመጡ በ1970 (እ.ኤ.አ.) በአይቢኤም የሚሠራው ኤድጋር ኮድ ካቀረበው የተዛማጅ ሠንጠረዦች ንድፈ ሐሳብ የወጡትን የንድፍ ሕጎች የሚጥስ ይመስላል፤ ነገር ግን ሁለተኛው ቅጂ በማንኛውም ጊዜ ከመጀመሪያው እንደገና ሊሠራ የሚችል እስከሆነ ድረስ ነውር የለውም። የሚከፈለው ዋጋ ትኩስነት ነው፤ ዛሬ ከሰዓት የገባ እርማት በገበታው ላይ የሚታየው ነገ ነው። ይህን ለተጠቃሚው አስቀድሞ ያልነገረ ባለሙያ «ያስገባሁት ጠፋ» የሚል ስልክ ሲያነሳ ይውላል።

የዘመን አቆጣጠሩም የራሱ ወጥመድ አለው። በጀት ዓመቱ ከሐምሌ 1 ስለሚጀምርና ሐምሌ 1 በፈረንጅ አቆጣጠር ጁላይ 8 ስለሆነ፣ በፈረንጅ ዓመት የተከፋፈለ ሠንጠረዥ አንዱን የኢትዮጵያ በጀት ዓመት ለሁለት ይቆርጠዋል። ከነሐሴ 21 እስከ መስከረም 20 ያለው የሪፖርት ወር ደግሞ ጳጉሜን በመካከሉ ስለምትውል 35 ወይም 36 ቀን ይይዛል፤ «ወር 30 ቀን ነው» ብሎ የቀን አማካይ የሚያወጣ ጥያቄ መስከረም በመጣ ቁጥር በሽታ የጨመረ ያስመስላል። ከዚህ የሚያድነው የወሩን ስም ሳይሆን የጊዜውን መነሻና መድረሻ ቀን በቀንነቱ መመዝገብ ነው።

አሁን ወደ ሞተር ምርጫው መመለስ ይቻላል። ዲኤችአይኤስ 2 በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ፖስትግሬስንም ማይኤስኪውኤልንም በሚያስተናግድ መልክ ተሠርቶ ነበር፤ ሐሳቡ እያንዳንዱ አገር ባለሙያዎቹ የሚያውቁትን ሞተር ይምረጥ የሚል ነበር። በሁሉም ላይ የሚሠራ ሶፍትዌር ግን የየትኛውንም ሞተር ልዩ ችሎታ መጠቀም ስለማይችል፣ በኋላ ሥርዓቱ በፖስትግሬስ ብቻ እንዲሠራ ሆነ፤ የጤና ተቋማትን በካርታ ላይ የሚያሰፍረው ፖስትጂአይኤስ የተባለው ቅጥያም የግድ የሚያስፈልግ ሆነ። ፖስትግሬስ በ1986 (እ.ኤ.አ.) በካሊፎርኒያ በርክሌይ ዩኒቨርሲቲ በማይክል ስቶንብሬከር የተጀመረ ሲሆን፣ በ1995 (እ.ኤ.አ.) በስዊድን የወጣው ማይኤስኪውኤል ደግሞ ለመጫን ቀላል በመሆኑ በርካሽ የድረ ገጽ ማስተናገጃዎች ላይ ተስፋፍቷል። የማይኤስኪውኤል የቀድሞው ነባሪ የማከማቻ ክፍል አንድ ሰው ሲጽፍ ሠንጠረዡን በሙሉ ይቆልፍ ስለነበር ክፉ ስም አትርፎለታል፤ ከ2010 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ ነባሪ የሆነው ኢኖዲቢ የሚቆልፈው ረድፉን ስለሆነ ያ ወቀሳ ዛሬ ጊዜው ያለፈበት ነው። ለአብዛኛው የድረ ገጽ ሥራ ሁለቱም ይበቃሉ፤ ወሳኙ በሌሊት ሲበላሽ ተነስቶ የሚጠግነው ሰው የትኛውን ያውቃል የሚለው ነው።

የሚነድፈው ሰው አማርኛ ለሚጽፍ ተጠቃሚ የሚሠራ ከሆነ ደግሞ ከውጭ የመጣ መመሪያ የማይነግረው አንድ የፍጥነት ጉዳይ አለ፤ የስም ፍለጋ። ፀሐይ የሚለው ስም በፀ ወይም በጸ፣ ቀጥሎም በሐ፣ በሀ ወይም በኀ ሊጻፍ ስለሚችል በትንሹ ስድስት መልክ አለው፤ በዩኒኮድ እነዚህ ፊደላት እያንዳንዳቸው የራሳቸው ቁጥር ስላላቸው ለሞተሩ ስድስት የተለያዩ ሰዎች ናቸው። የካርድ ክፍል ሠራተኛዋ በአንዱ ፈልጋ ስታጣ አዲስ ካርድ ታወጣለች፤ አንዲት እናት በአንድ ጤና ጣቢያ ሁለት ታሪክ ይኖራታል። ፕሮግራመሩ ችግሩን ለመፍታት በፍለጋው ሰዓት የተመዘገበውን ስም ሁሉ ወደ አንድ ፊደል እየለወጠ ቢያነጻጽር መልሱ ትክክል ይሆናል፤ ነገር ግን ኢንዴክሱ የተሠራው ባልተለወጠው ስም ላይ ስለሆነ ሞተሩ እያንዳንዱን ረድፍ አንስቶ መለወጥ ይኖርበታል። የሚሻለው ስሙን ባለቤቱ እንደጻፈው አስቀምጦ፣ ኢንዴክሱን ግን በተለወጠው መልክ ላይ መሥራት ነው፤ ፖስትግሬስ በስሌት ውጤት ላይ ኢንዴክስ ለማበጀት ይፈቅዳል፤ በማይኤስኪውኤል ደግሞ ከስሙ የሚመነጭ ሁለተኛ ዓምድ ፈጥሮ እሱን ኢንዴክስ ማድረግ ይቻላል። ድሬ ጠያራ ራሱ ለዚህ ምስክር ነው፤ ድሬ በኦሮምኛ ሜዳ፣ ጠያራ ደግሞ ከዓረብኛ የመጣ የአውሮፕላን ስም ሲሆን፣ በሐረሪና በኦሮምኛ በሚሠራ ክልል፣ ከአማርኛው የፌዴራል ደብዳቤ ጋር፣ አንዱ ወረዳ በሁለት ፊደልና በብዙ አጻጻፍ ይገኛል። ሠንጠረዦችን በቦታ ስም ሳይሆን በማይለወጥ መለያ ማያያዝ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

ከሞተሩ ውጭ የሚባክነው ጊዜም ቀላል አይደለም። ፕሮግራሙ መጀመሪያ የተቋማቱን ዝርዝር ጠይቆ ቀጥሎ ለእያንዳንዱ ተቋም ለየብቻው ሪፖርቱን ቢጠይቅ፣ 400 ተቋም 401 ጥያቄ ይሆናል። መተግበሪያው ሐረር፣ ዳታቤዙ አዲስ አበባ ሆኖ አንዱ ምልልስ 20 ሚሊሰከንድ ቢወስድ፣ ሞተሩ እያንዳንዱን በቅጽበት ቢመልስ እንኳ 8 ሰከንድ በመንገድ ያልቃል። ሁለቱን ሠንጠረዦች አያይዞ በአንድ ጥያቄ ማምጣት ይህን ወደ አንድ ምልልስ ያወርደዋል። እንዲህ ያለው ስህተት በጽሑፍ ላይ ግልጽ ቢመስልም፣ ጥያቄውን በራሳቸው የሚያመነጩ የፕሮግራም መሣሪያዎች ስለሚሸፍኑት በአሥር ተቋም ሲሞከር አይታይም።

ኢንዴክስ ነፃ አይደለም። አንድ ረድፍ ሲገባ በሠንጠረዡ ላይ ያሉት ኢንዴክሶች ሁሉ አብረው መታደስ አለባቸው፤ ስድስት ኢንዴክስ ያለው ሠንጠረዥ አንድ ቁጥር ሲገባበት ሰባት ቦታ ይጻፋል። በጤና ሪፖርት ይህ ዓመቱን ሙሉ አይታወቅም፤ ከ20 በኋላ ባሉት ጥቂት ቀናት ግን የአገሩ ተቋማት በሙሉ በአንድ ላይ ሲያስገቡ ይገለጣል። ፖስትግሬስ እያንዳንዱ ኢንዴክስ ስንት ጊዜ እንደተነበበ ስለሚቆጥር፣ ለወራት ዜሮ ላይ የቆመውን ማንሳት የመጻፉን ጫና ያቀልላል፤ ቆጣሪው ግን በዓመት አንዴ ብቻ የሚወጣውን የበጀት ዓመት መዝጊያ ሪፖርት ላያይ ስለሚችል ሐምሌ ሳያልፍ መቸኮል አይገባም።

በጤና ኬላው በኩል ያለው ሞተር ደግሞ ሌላ ነው። ሪቻርድ ሂፕ እ.ኤ.አ. በ2000 ያወጣው ኤስኪውላይት ሰርቨር የሌለው፣ በአንድ ፋይል ውስጥ የሚኖርና በአንድ ጊዜ አንድ ጸሐፊ ብቻ የሚያስተናግድ ሲሆን፣ በአንድሮይድ ስልኮች ሁሉ ውስጥ ይገኛል። ለሚኒስቴሩ ሰርቨር ጉድለት የሚሆነው ይህ ባሕርይ በአንዲት ሠራተኛ እጅ ላለ ስልክ ምንም አይጎድለውም፤ የሚጽፈው አንድ ሰው ነው፤ ኔትወርክ ባይኖርም ይጽፋል። በዚህ ዓይነት ስልክ የሚመዘገብ ክትባት በፋይሉ ውስጥ ወረፋ ይዞ ይቆያል፤ ሠራተኛዋ ኔትወርክ ወዳለበት ስትወርድ ይላካል፤ ሌሊት የገበታዎቹ ሠንጠረዥ ሲሠራ ከሌሎቹ ጋር ይደመራል፤ በማግስቱ የወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት ገበታውን ሲከፍት 14 የነበረው 15 ሆኖ ይጠብቀዋል።